ካርቶኑ ውስጥ የቀሩት ስምንት ቡሎኖች

ካርቶኑ ባዶ መስሎት ነበር። ረግጦ ሊያሳጥፈው እግሩን ሲያነሳ ከውስጡ ኮሽ የሚል ነገር ሰማ። መካኒኩ እግሩን መልሶ ጎንበስ አለ፣ ካርቶኑን አነሳና ወዘወዘው። አሁንም ኮሽ አለ። ከሥሩ የተነጠፈውን ወፍራም ወረቀት ገለጥ ሲያደርገው በላስቲክ የታሸጉ ስምንት አዳዲስ ቡሎኖች ተኝተዋል።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለውም። ከዚያ ግን አንዱን ይዞ ወደ ራሱ መሳቢያ ሄደ፤ ከመሳቢያው ሌላ ቡሎን አወጣና ሁለቱን መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። የካርቶኑ በአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይረዝማል። አገላብጦ አስተያያቸው። አሁንም ይረዝማል። አጠገቡ ያለ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሚኒባስ አለው፤ ሰው እያመላለሰ ይኖራል። ከትላንት ወዲያ ፍሪሲዮኑ አልይዝ አለውና መኪናውን ወደ ጋራዡ አመጣ። የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ሲወርድ የፍሪሲዮኑ ሸራ ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለው ፍላይዊልም አልቆለት ተገኘ። ፍላይዊል ማለት ሞተሩ ጫፍ ላይ በቡሎን የሚታሰር፣ ከሞተሩ ጋር እኩል የሚሽከረከር ከባድ የብረት ክብ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። ድርቡ ሁለት ክብ ሆኖ መሀሉ ሞላዎች አሉት፤ የሞተሩን መንቀጥቀጥ እነሱ ውጠው ያስቀሩታል፣ መኪናውም ዝም ይላል። ነጠላው ወጥ ብረት ነው። የሚደክም ሞላ የለውም፤ ግን የሞተሩን መንቀጥቀጥ እንዳለ ለካምቢዮው ያስተላልፈዋልና ይንቀጫቀጫል።

«የትኛው ይሻላል ጋሼ?» ብሎ ጠይቆት ነበር ወንድሙ።

«መኪናው ሲፈጠር የመጣው ድርቡ ነው። እሱ ግን ቢፈጥን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚደርሰው። ነጠላው ዛሬ አለ።»

«የእማዬ ቀጠሮ ከነገ ወዲያ ነው እኮ።»

የእናታቸው ዓይን ሞራ ለብሶ የቤቷን በር በእጅ እየዳሰሰች መውጣት ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ቀጠሮውን ስምንት ወር ጠብቀውታል። ሐኪም ቤቱ ያለው ከተራራው ማዶ ነው።

«እንግዲያው ነጠላው ይግባ፤ ምንም አይልህም» አለ መካኒኩ። «ድምፅ ግን አለው። ሞተሩን አስነስተህ ስትቆም ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ቅጭቅጭ ይላል። ባህሪው ነው፤ አትፍራ።»

ይህችን «ባህሪው ነው፤ አትፍራ» የምትለዋን ቢያንስ ሦስቴ ደጋግሟታል። ወንድሙ ደግሞ ታላቁ ያለውን ነገር ሁለተኛ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ልጅ ሆኖ «ውሃው ጥልቅ አይደለም፣ ዝለል» ሲለው ዓይኑን ጨፍኖ የሚዘል ነበር፤ አሁንም ያው ነው።

መካኒኩን ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። መኪና ከመፈታቱ በፊት ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ያዳምጥና በሽታውን ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም አይስትም። ሚስቱ ግን «ጆሮ ተብሎ እኔ ስጠራው አይሰማም» እያለች ታሾፍበታለች። ሌላው የሚታወቅበት ነገር ጥንቃቄው ነው። ድሮ ከዕቃ ጋር በካርቶን የመጣ ቡሎን እያጠበቀው ሳለ አናቱ ተቆርጦ እጁ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የካርቶን ቡሎን አያምንም። ለእያንዳንዱ ዓይነት ሞተር መርጦ የያዛቸው አዳዲስ ቡሎኖች በየመሳቢያው አሉት፤ አሮጌ ቡሎን ሁለተኛ አያስርም፣ የካርቶኑን ደግሞ ዘወር ብሎም አያይም። ሌላ መካኒክ ቢሆን ካርቶኑን አራግፎ ያገኘውን ያስር ነበር፤ እናም ዛሬ ሻዩን እየጠጣ ይቀመጥ ነበር።

ችግሩ መሳቢያው የሚያውቀው ድርቡን ብቻ መሆኑ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ነጠላ ሲያስገባ የመጀመሪያው ነው፤ ዛሬ ሊረግጠው የነበረው ካርቶንም ነጠላው የመጣበት ነው። ነጠላው መሀሉ ወፍራም ነው፤ ቡሎኑ ይህን ሁሉ ውፍረት አልፎ ነው ሞተሩን የሚነክሰው። አጭሩ ቡሎን ቢበዛ ሁለት ሦስት ጥርስ ይነክሳል። ሲያጠብቀው እሺ ብሎታል፤ የማጥበቂያ ቁልፉም የጥብቀቱ ልክ ሲደርስ ቀጭ ብሎ መስክሮለታል። በሁለት ጥርስም ቢሆን ቀጭ ይላል እኮ!

ሰዓቱን አየ። ከረፋዱ አራት ተኩል። ወንድሙ የተነሳው አራት ሰዓት ላይ ነው። እናታቸውን ጨምሮ ዓይናቸውን የሚታከሙ ስድስት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጭኗል። እናታቸውን ደግፎ ያሳፈራት ራሱ መካኒኩ ነው፤ «ከኋላ ያንገላታሻል እማዬ» ብሎ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ ሚስቱ የሰፋችላትንም ትራስ ከጀርባዋ አደረገላት። የፊተኛው ወንበር እግር የሚያርፍበት ወለል ከፍላይዊሉ ብዙም አይርቅም። መሀላቸው ያለው የካምቢዮው ሽፋንና አንድ ስስ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ስልኩን አውጥቶ ወንድሙ ጋ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። ወንድሙ ሲነዳ ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ይህን ማን ያስተማረው ይመስላችኋል? እዚህ ጎማው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፤ «በስልክ የሚነዳ ወንድም የለኝም» ብሎ ተቆጥቶት። እናቱ ጋ ሲደውል ደግሞ ስልኳ ከነጭራሹ አይገኝም። ተራራው ሥር መስመር የለም።

ሚስቱ ከጎን ያለው ክፍል ውስጥ የመኪና ወንበር ትሰፋለች። በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ሁለቱን ቡሎኖች በመዳፉ ዘርግቶ አሳያት።

«ምንድነው?» አለች መርፌውን ይዛ።

«አጭሩን አስሬበታለሁ።»

«ማን ላይ?»

«እማዬ ያለችበት ላይ።»

ምን እንደሚሆን አልጠየቀችውም፤ ፊቱን ማየቱ በቂ ነበር። መርፌውን ወንበሩ ላይ ሰክታ ከመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለውን የመኪና ቁልፍ አነሳች። «እኔ ነኝ የምነዳው» አለች፤ «አንተ ደውል።» መፍቻውንና ካቻቪቴውን አንስቶ ተከተላት።

ትንሿ መኪናዋ ከከተማው እስክትወጣ እያንዳንዱ መብራት ጠላት ሆነበት። ፊት ለፊታቸው አሸዋ የጫነ መኪና እየተንገታገተ ሲሄድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጮኸበት። የጭነት መኪናው ሹፌር በእጁ «ምን ሆነሃል?» የሚል ምልክት አሳየው። ሚስቱ በቀኝ በኩል አልፋ ሄደች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ነዳሽ ብሎ አንድ ሳምንት ይነዘንዛት ነበር።

ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም፤ ዝም ሲል ያንን መኪና ያየዋል። ሥራ በሚማርበት ጊዜ ከነበረበት ግቢ ጥግ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ፍላይዊሉ በሩጫ ላይ ተላቅቆ ሽፋኑን ቀዶ ወጥቶበታል። አስተማሪው ወለሉን አሳይቷቸዋል፤ ቆርቆሮው ከታች ወደ ላይ ተሰንጥቆ ተገልብጧል። ከፍሬን መርገጫው አጠገብ አንድ እግር ጫማ ወድቆ ነበር፤ ስለ ሌላኛው ማንም አላነሳላቸውም፣ እነሱም አልጠየቁም። እሱ ያኔ ስለ ጫማው ለሳምንት ያህል እንቅልፍ አጥቷል። ዛሬ ያንን ወለል ሲያስብ የሚታየው የእናቱ ነጠላ ጫማ ነው።

«ምናልባት እኮ ይዞ ይሆናል» አለች ሚስቱ። «ትላንት ሙሉ ቀን ከተማ ውስጥ ነድቶት የለም?»

«ከተማው ሜዳ ነው። ተራራው ላይ ማርሽ በቀያየረ ቁጥር ይፈታታል። መፈታት ሲጀምር ይንኳኳል፤ ሲንኳኳ ደግሞ…» ጨርሶ ሊናገረው አልቻለም።

«ሲንኳኳ ይሰማና ያቆማላ!»

ዘወር ብሎ አያት። እስከዚህች ደቂቃ ድረስ የፈራው ብረቱን ነበር። አሁን ግን ከብረቱ የባሰው ነገር ገባው።

«አያቆምም» አለ። «ባህሪው ነው፣ አትፍራ ብዬዋለሁ።»

መኪናዋ ተራራው ሥር ደርሳ መውጣት ጀመረች፤ ሚስቱ ማርሽ ስትቀንስ እጇን ማርሹ ላይ ያዝ አድርጋ የምታቆየው እየተጠነቀቀች መሆኑ ገባው። እሱ የእናቱን ቁጥር ይደውላል፣ ይዘጋል፣ ይደውላል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሃያ ጊዜ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ጠራ።

«አቤት!» አለች እናቱ። ስልክ ሁሌ የምታነሳው እየጮኸች ነው፤ ርቀቱን በጩኸት የምትሞላው ይመስላታል።

«እማዬ! አቁም በይው! አሁኑኑ ያቁም!»

«ማነው? አንተ ነህ? አይሰማኝም ልጄ፣ መኪናው ይጮሃል!»

ይጮሃል። እሱም ይሰማዋል። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ትንፋሹን ዋጠ። ነጠላው ሲንቀጫቀጥ ድምፁ ቀጭንና ያልተቋረጠ ነው፤ ጭነት ሲበዛበት ደግሞ ይጠፋል። ይህኛው ወፍራም ነው። ዱክ፣ ዱክ ይላል፤ ዳገት እየወጣም አልጠፋም።

«አቁሙ! እማዬ፣ ከመኪናው ውረዱ! ውረዱ!»

«ድምፁ ጨምሯል ስለው ወንድምህ አይሰማኝም። ‘ጋሼ ባህሪው ነው ብሎኛል’ ይለኛል። እንዴት ነው ነገሩ…»

ተቋረጠ። ደግሞ ሲደውል አይገኝም። ስልኩን ጭኑ ላይ ጣለው። ሚስቱ ያላትን ፍጥነት ሁሉ እየተጠቀመች ነበር፤ እሱ ግን መኪናዋን በእግሩ የሚገፋት ይመስል ወለሉን ሁለት እግሩን ተክሎ ይጫነዋል።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ሃያ ደቂቃዎች እንዴት እንዳለፉ ቢጠይቁት አያውቀውም። የሚያስታውሰው ከፊታቸው ጥምዝ በመጣ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ ሲያልፉት መግለጡን ብቻ ነው። አንዴ ከመንገዱ ዳር የተሰበረ መስታወት ሲያይ «አቁሚ!» ብሎ ጮኸ፤ ቀርበው ሲያዩት አሮጌ ጠርሙስ ነበር።

ተራራው ጫፍ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ሚኒባሱን አዩት። ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ከአፋፉ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። መኪናዋ ሳትቆም በሩን ከፍቶ ወረደና እየሮጠ ቆጠራቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እናቱ የለችም። የሚኒባሱ የፊት በር ክፍት ነው፤ ወንበሩ ላይ ትራሱ ብቻ አለ። ወለሉን ለማየት አንገቱ እምቢ አለው።

«እማዬስ?» የሚለው ቃል እንደ ሕፃን ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«እዚህ ነኝ፣ ምን ያስጮህሃል?» አለች እናቱ። ከመኪናው ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ በሁለት እጇ ምርኩዟን ይዛለች። ወንድሙ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ይመስላል።

«ጋሼ! እንኳን መጣህ። እስቲ አንተ ንገራት። ሽንቴ መጣ አለችኝ፣ አቆምኩላት፤ ከወረደች በኋላ አልሳፈርም አለች። ሽንትም አልሸናችም! ቀጠሮው ሊያልፍ ነው፤ ከዚህ ድንጋይ ንቅንቅ አልል አለች!»

መካኒኩ እናቱ እግር ሥር በጉልበቱ ተደፋ። እግሮቿን በሁለት እጁ ያዛቸው፤ ነጠላ ጫማዋን፣ ቁርጭምጭሚቷን ዳሰሰ። አለቀሰ። ያፈረም አይመስልም።

«ሰማሽኝ እንዴ?» አላት። «ውረዱ ስል ሰማሽኝ?»

«ቃሉ አልተሰማኝም። ድምፅህን ነው የሰማሁት።» እጇን ዘርግታ ራሱን ፈልጋ አገኘችው። «አንተ ልጅ ሆነህ ጉድጓድ የገባህ ዕለት እንደዚያ ነው የጮህከው። ወንድምህን ስለ ድምፁ አቁም ብለው አይቆምልኝም፤ ሽንት ስለው ግን ምን ያደርጋል?»

ወንድሙ ቁልፉን ማሽከርከሩን አቆመ። «ምንድነው ነገሩ?» አለ።

መካኒኩ ከሚስቱ መኪና መፍቻውን አምጥቶ ሚኒባሱ ሥር ገባ። ከፍላይዊሉ በታች ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ፈታና ካቻቪቴውን አስገብቶ የፍላይዊሉን ጥርስ ገፋ አደረገው። መንቀሳቀስ የሌለበት ብረት ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። እንደገና ገፋው፤ እንደገና ተወዛወዘ። ፊቱን ወደ ወንድሙ እግሮች አዙሮ ከሥር ሆኖ ተናገረ፤ ቀና ብሎ ዓይኑን እያየ ለመናገር ድፍረቱን አላገኘም።

«አጭር ቡሎን ነው ያሰርኩበት። የመኪናው ጥፋት አይደለም፣ የዕቃውም አይደለም። እኔ ነኝ። ትንሽ ብትሄዱ ኖሮ…»

ወንድሙ ጎንበስ አለና በመኪናው ሥር አየው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አትፍራ አልከኝ እኮ» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

ሽማግሌዎቹን ሌላ መኪና ይዟቸው ሄደ። እናታቸውም አብራ እንድትሄድ ቢለምኗት «ሁለቱን ልጆቼን አስፋልት ላይ ጥዬ የትም አልሄድም» ብላ ቀረች። ቀጠሮዋ አለፈ። ሚኒባሱ ተጎትቶ ጋራዥ ገባ፤ ካምቢዮው ሲወርድ ከስምንቱ ቡሎኖች ሦስቱ ወጥተው ከሸራው መሀል ጋር ሲፋጩ ቆይተዋል፤ አምስቱን በጣቱ ፈታቸው። ሚስቱ ስምንቱንም በጣሳ ሰብስባ ከመሳቢያው በላይ አስቀመጠችለት። እሱም እንዳይነሱ አለ።

ሐኪም ቤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቀጠሮ ሰጠ፤ ድርቡም እስከዚያው ደረሰ። ወንድሙ ካርቶኑን ሲያይ ግራ ገባው።

«ነጠላው ጥፋት የለበትም ብለህ የለም እንዴ?»

«የለበትም። በራሱ ቡሎን ቢታሰር ዕድሜ ልክህን ትነዳው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ትለውጠዋለህ?»

«ድርቡ ዝም የሚል ነው። ዝም የሚል ነገር አንድ ቀን ድምፅ ካሰማህ፣ የሆነ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ባህሪው ነው የሚልህ ሰው አይኖርም።» ካርቶኑን ገልብጦ አራገፈው፣ ወረቀቱን አነሳ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ለካ፤ ከመሳቢያው ጋር አስተያይቶ እንደገና ለካ። ወንድሙ ቆሞ አየው።

በቀጠሮው ጠዋት እናታቸው እንደ ልማዷ በእጇ እየዳሰሰች ወደ ፊተኛው በር ስትመጣ መካኒኩ ክንዷን ይዞ ከኋላ አስቀመጣት። «ከኋላ ያንገላታኛል አላልክም?» አለች። «ዛሬ ትንሽ ተንገላቺ» አላትና ከፊት ራሱ ተቀመጠ፤ ሁለት እግሩንም ወለሉ ላይ ዘረጋ። ወንድሙ ሞተሩን አስነሳ። ምንም ድምፅ የለም። ታላቁን ዞር ብሎ አየው፤ የለመዳትን ቃል እየጠበቀ ነበር።

«የሆነ ነገር ከሰማህ አቁም» አለ መካኒኩ። «እኔ ምንም ብልህ አቁም።»

«እኔስ ከሰማሁ?» አለች እናታቸው ከኋላ።

«አንቺ ከሰማሽማ በሽንት ማሳበብ አያስፈልግሽም።»

ሳቁ። ከከተማው ወጥተው ተራራው ሥር ሲደርሱ ግን መካኒኩ ወሬ አቆመ። ጫማውን አውልቆ ውስጥ እግሩን ወለሉ ላይ ለጠፈ፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጣቶቹ ይጨበጣሉ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ወንድሙ አየውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው።

«ፈርተሃል እንዴ ጋሼ?»

«አዎ» አለ፤ እግሩንም ከወለሉ አላነሳም።